መደቡን ቁጠሩት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ አራት ወጣቶች ስለ ኑሮ ውድነት ይከራከራሉ። አንዱ ነጋዴውን ረገመ፣ ሌላው መንግሥትን፣ ሦስተኛው ዶላርን፤ አራተኛው የአንድ ብሔር ስም ጠርቶ «የእነሱ ሥራ ነው» አለ። እኔ ጆሮዬን ጥዬ የጠበቅሁት «እንዴት?» የሚል አንድ ጥያቄ ነበር። ሳይመጣ ሒሳብ ከፍለው ተነሡ። አልተቀየምኳቸውም፤ ኑሮ የከበደው ሰው ጥፋተኛ መፈለጉ ያለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ ለማኅበራዊ ጥናት መጠይቅ ስሞላ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን ያየሁትን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የገበያ ዋጋ እንድመዘግብ አሸዋ ገበያ ተላክሁ። አንዲት ጉሊት የሚቸረችሩ እናት ዘንድ እቆማለሁ። «አንድ መደብ ቲማቲም ስንት ነው?» «አንድ ብር።» ሳምንት ቆይቼ ስመለስም አንድ ብር። በሦስተኛውም ሳምንት ያው። «የዋጋ ለውጥ የለም» ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አየች፣ ምንም አልተናገረችም፤ ከመሳቢያዋ ትንሽ ሚዛን አውጥታ ሰጠችኝና «ሂድ መዝነው» አለችኝ።

ሄድኩ። መደቡ መጀመሪያ አምስት ቲማቲም ነበረው፤ ያን ቀን ሦስት ሆኗል፣ እነሱም አነስ ያሉ። ዋጋው ዓይኔ ሥር ንሮ እኔ ብሩን ብቻ እያየሁ ነበር። እናትዬውን ለምን እንደቀነሱ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ብሩን ብጨምርበት ደንበኛዬ ይሸሸኛል። ቲማቲሙን ብቀንስበት ቅር ይለዋል እንጂ አይሸሸኝም።» ቀጥዬ ሳጥኑን ከማን እንደሚያመጡ ጠየቅሁ። በዱቤ፣ ከአንድ ጅምላ ነጋዴ። እሱስ? ከደላላ። ደላላውስ? በጭነት መኪናው ኪራይና በመንገዱ ሁኔታ እያሳበበ። እስከ ማታ ድረስ ሰንሰለቱን ተከትዬ ስወጣ፣ ጠዋት «ስግብግብ» ልላቸው የነበሩት ሴትዮ ከሁሉም ይልቅ የታነቁት እሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። ዛሬም ዳቦ ቤት ስትገቡ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ግራሙን እዩ።

የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ለእኔ እዚያ ጉሊት ላይ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ትልቁ ነገር ሁሉ የዚያች ሚዛን ዘመድ ነው።

በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፤ ዝናብ ጠፋ፣ እህል አለቀ፣ ሕዝብ ተራበ። እ.ኤ.አ. በ1943 የቤንጋልን ረሃብ በልጅነቱ ያየው ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ግን ይህን ደፍኖ መቀበል አልፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በአገር ደረጃ የእህሉ መጠን ያን ያህል እንዳላሽቆለቆለ፣ ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው እንደሚገመተው እንዳልናረ አሳየ። እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋበት፤ ገበያ ላይ ያለውን እህል የሚገዛበት አልነበረውም። ነገሩ ወደ እኛው ሐረርጌ ሲመጣ ደግሞ አርብቶ አደሩን ሁለት ጊዜ መታው፤ ከብቱ ሞተ፣ የተረፈውም ከብት ከእህል ጋር ሲመነዘር ዋጋ አጣ። የአገራችን ጂኦግራፈር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በበኩላቸው ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው የሚኖርበት ሥርዓት እንደሆነ ዕድሜያቸውን ሲያስረዱ ኖሩ።

ሴንን ሌሎች ምሁራን ተከራክረውታል፤ መከራከራቸውም ጥሩ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ጥያቄው ሲለወጥ መፍትሔውም መለወጡን ነው። የጎደለው እህል ብቻ ከሆነ እህል ትጭናለህ። የጎደለው መግዣ ከሆነ ግን ሥራና ገንዘብም ትሰጣለህ። በ1997 የተጀመረውና የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችም የገቡበት ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ ችግር ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው ፕሮግራም፣ ከእህል ሌላ ጥሬ ገንዘብ መክፈሉ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ አራቱ ወጣቶች ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብሩን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ዶላር ስለጨመረ ሁሉ ጨመረ» ማለት ቀላል ነው። እዚሁ ከተማችን ታይዋን የሚባለው ገበያ ግቡና ጠይቁ እስቲ፦ ይህ ጫማ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በየትኛው ዶላር ነበር የገባው? በባንክ ወይስ በጥቁር ገበያ? ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ የመጣ ዕቃና በባንክ ዶላር ሲገባ የነበረ ነዳጅ ወይም መድኃኒት በአንድ ቀን ለውጥ እኩል አይጎዱም። ይህን ለይታችሁ ካልያዛችሁ አንድ ክርክር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል።

ፖለቲካውም እንዲሁ ነው። በከተማችን ስለ 40-40-20 የሥልጣን ክፍፍል፣ ማለትም ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ ስለሚለው ድልድል፣ ስሜት የሌለው ሰው የለም። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ክፍፍሉ ቀበሌ ድረስ ወርዶ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ምን ለውጧል፣ ምንስ አልለወጠም ብሎ አሥር ማስታወቂያ ሰብስቦ ያነበበ ወጣት እስካሁን አላገኘሁም። አሥር ወረቀት ማለት የአንድ ከሰዓት ሥራ ናት፤ የምታነሣው ጥያቄ ግን የዓመታት ነው።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ ድሬዳዋ ከነገጠሯ 341,834 ሰው ነበራት። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። በጀት ሲከፋፈል፣ ትምህርት ቤት ሲታቀድ፣ መድኃኒት ሲላክ መነሻው ይኸው ትንበያ ነው። ሰው ቁጥር ሲጠቅስላችሁ «ማን ቆጠረው? መቼ?» በሉ። ነገረኛ ቢሏችሁም አትተዉት።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። በ1998፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት በተኛንበት ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከጥቂት ወራት በኋላ የጠፋ ንብረት በሚመዘግብ ቡድን ውስጥ ሠራሁ። ቅጹ አልጋ፣ ፍየል፣ የቆርቆሮ ብዛት ይጠይቃል። ሞላሁት፤ በጥንቃቄ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ። አንዲት ሻይና ሳምቡሳ ትሸጥ የነበረች ሴት «ሌላስ የጠፋብሽ?» ስላት ዝም አለች። ቅጹ ላይ ሌላ መስመር ስላልነበረ እኔም አልገፋሁበትም።

ከዓመታት በኋላ ከወንዙ ርቃ በተሰጣት ቤት አገኘኋት። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እሷ ግን ከድሮው ደኽይታ ነበር። ቁጭ ብለን ስናወራ ነገሩ ወጣ፦ ያኔ ያጣችው ቆርቆሮውን ብቻ አልነበረም። ዱቤ የሚሰጣትን ባለሱቅ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያልፉ ደንበኞቿን፣ በየሳምንቱ የምትጥለውን እቁብ፣ ልጇን የምታቆይላትን ጎረቤት ነበር ያጣችው። አንዱም በእኔ ቅጽ ላይ አልነበረም። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ጥፋት ነው ልል እችላለሁ። ከፊቷ ተቀምጦ ዝምታዋን ያየው ግን እኔ ነበርኩ። አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ስለ ሰፈራው የተጻፈው ሪፖርት ሌላ ይሆን ነበር። ዝም ያለች ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

ስለዚህ ይህን ሥራ የምታስቡ ልጆች፣ ሰው ዝም ሲል ብዕራችሁን አስቀምጡና ጠብቁ። «ገቢሽ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ትናንት ምን ገዛሽ? ከማን? በዱቤ ነው ወይስ በእጅ በእጅ?» በሉ። በቀትር ሙቀትና በበርጫ ሰዓት የሰው በር አታንኳኩ። መጠይቁ «ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነው» ሲላችሁ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ምሳውን አያቱ ቤት በልቶ ማታ አክስቱ ዘንድ የሚያድረውን ልጅ የቱ ድስት ላይ እንደምትቆጥሩት አስቡ።

እናንተ ደግሞ ሌላው የሌለው ሀብት አላችሁ። መጋላ ሰፈር ያደገ ልጅ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ አንዳንዴም ሐረሪኛ እየቀላቀለ ነው ኳስ የሚጫወተው። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ተመራማሪ አስተርጓሚ ይቀጥራል፤ አስተርጓሚው ያሳጠረለትን ይዞ ይሄዳል። እናንተ ግን እናትዬው በራሷ ቋንቋ የተናገረችውን ከነምሬቱ፣ ከነቀልዱ ትሰማላችሁ። የሌላ ብሔር ጎረቤታችሁን በቋንቋው ጠይቃችሁ መልሱን እስከ መጨረሻው ብትሰሙት፣ ሻይ ቤት የሰማችሁት የ«እነሱ ሥራ ነው» ወሬ ስንቱ እውነት፣ ስንቱ ፈጠራ እንደሆነ በራሳችሁ ትለያላችሁ።

እኔ ጉልበቴ ደክሟል፤ አሸዋ ገበያን እንደ ድሮው መዞር አልችልም። አለቃዬ የሰጠችኝ ሚዛን ግን አሁንም ቤቴ አለች። ሳህኗ ትንሽ ዝጋለች፣ ክብደት ግን አትስትም። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ገበያ የሚወጣ ልጅ ካለ መጥቶ ይውሰዳት፤ ማታ ሲመልሳት ደብተሩን አብሮ ያምጣልኝ።