ወንጪ፦ ደርሶ መልስ ወይስ አዳር?

ተራራ አናት ላይ ያለውን የወንጪ ሐይቅ ከእናትህ ጋር ለማየት አስበህ፣ በአንድ ቀን ደርሰን እንመለስ ወይስ እንደር ብለህ ጠይቀኸኛል። ከእሳቸው ጋር ከሆነ እደሩ። ወንጪን ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ግን አንተ እንዳሰብከው ሐይቁንም፣ ደሴቷ ላይ ያለውን የቂርቆስ ገዳምም፣ ፍል ውሃውንም በአንድ ቀን ማየት ለእሳቸው ሩጫ ይሆንባቸዋል።

ቅዳሜ በማለዳ ውጡ። በአምቦ ሂዱና በወሊሶ ተመለሱ፤ ወንጪ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሆነ ያንኑ መንገድ አትደግሙም። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ስለ መንገዱ ሁኔታ በቅርብ ከዚያ የተመለሰ ሰው ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ቀን ለሐይቁና ለገዳሙ ስጡት። እናትህ ዳገቱን በፈረስ ይውጡ። ዋጋውንም ገና ሳይቀመጡ ተስማማ፣ ደርሶ መልስ መሆኑን ለይተህ። ፍል ውሃው ለእሁድ ጠዋት ይቆይ።

አዳሩ ጭራሽ የማይሆንልህ ከሆነ ፍል ውሃውን ተወው። ሐይቁና ገዳሙ ብቻ ለመንገዱ ድካም ይበቃሉ፣ በእኔ እምነት።

አንድ ነገር አደራ፦ ብርዱን አትናቅ። የተራራው አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የቀኑ ፀሐይ ያታልላል፤ ስስ ልብስ ይዘው መጥተው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉ ሰዎች አይቻለሁ። ለእናትህ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና የማያንሸራትት ጫማ ያዝላቸው። ዝናብ ከጣለ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው።