አዲስ ክትባት ከመግባቱ በፊት የፔንታውን መዝገብ ይግለጡ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ወረዳችን የወባ ክትባት ሊጀምር ነው ተብሏል። እኔ የጤና ጣቢያው የክትባት ተጠሪ ነኝ፤ በሥራችን አምስት ጤና ኬላዎች አሉ። ሥልጠናው እስኪመጣ ምን ላዘጋጅ? (ከጋምቤላ)

መልስ፦ ከፍሪጁ በፊት መዝገቡን ይዩ። የዓመቱን ፔንታ 1 እና ፔንታ 3 (አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት 1ኛና 3ኛ ዶዝ) በየቀበሌው ለይተው ያውጡ። 240 ሕፃናት ጀምረው የጨረሱት 192 ከሆኑ 20 በመቶው አቋርጠዋል። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። የጤና ጣቢያውን ድምር ብቻ ካዩ ግን አንዱ ቀበሌ የሌላውን ጉድ ይሸፍንለታል።

ዋናው ፈተና ቀጠሮው ነው። አር21 የሚባለው የወባ ክትባት ከ5 ወር ጀምሮ አራት ጊዜ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቢያንስ በ4 ሳምንት ይራራቃሉ፣ አራተኛው ከወራት በኋላ ይከተላል። እናቶች የለመዱት ደግሞ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት፣ ከዚያ 9 ወር ነው። በመሃል ለክትባት የሚመጣ የለም። ስለዚህ በፔንታ 3 ዕለት የ5ኛ ወሩን ቀን ካርዱ ላይ ጽፎ መስጠት ግድ ነው። አራተኛው ዶዝ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ከፈለጉ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን፣ በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ምናልባት በ9 ወር «ጨርሷል» ተብለው የተሸኙ እናቶች አሉ።

ስለ ብልቃጡም አንድ ነገር። የሳንባ ምች ክትባት (ፒሲቪ) በ2004 ዓ.ም. ሲገባ ባለሁለት ዶዙ ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላ እንዳይበከል የሚጠብቀው ኬሚካል አልነበረውም። ባለሙያው የተከፈተ ፔንታ ለ28 ቀን ማቆየት ስለለመደ እሱንም ያቆየዋል ተብሎ ተሰግቶ ነበር፤ ለዚህም ክትባት ሰጪው ሁሉ አስቀድሞ ሠለጠነ፣ ፍሪጁም ላይ ማስታወሻ ተለጠፈ። የአር21 ባለሁለት ዶዝ ብልቃጥም እንደዚሁ ነው፦ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያበቃ፣ የቀደመው ሲደርስ ይጣላል። ማስታወሻውን ካሁኑ ይለጥፉ።

ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን፤ የቅዳሜና እሑድ የሙቀት ንባብ መዝለሉን ይመርምሩ። ወደ ጤና ኬላ ሲላክ አይስፓኩ ሲወዘወዝ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ይሟሟ። ፔንታ በረዶ መሆኑ ሲጠረጠር ብልቃጡን ነቅንቆ መፈተን አር21 ላይ አይሠራም፤ ፔንታ ላይ ያለው አሉሚኒየም የለበትምና በረዶ የመሆን ምልክት የሆነው ዝቃጭ አይታይም። ቀዝቅዞ በረዶ ሆኗል ብለው ከጠረጠሩ አይስጡት።

እናቶች «አጎበሩን እንተው?» ማለታቸው አይቀርም። ክትባቱ ወባን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ አጎበሩ ይቀጥላል፣ ትኩሳት ያለው ሕፃንም ይመረመራል። ይህን ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይናገሩ።