ከአመቻችነት ወደ ግምገማ ባለሙያነት፦ የታዳጊዎች ፕሮግራም ለውጥ ማምጣቱ በምን ይታወቃል?

ውድ ጠያቂ፣

በሶሺዮሎጂ ከተመረቁ በኋላ ለታዳጊዎች የሕይወት ክህሎት ሥልጠና በሚሰጥ ፕሮጀክት ውስጥ በአመቻችነት እየሠሩ መሆኑን፣ ወደ ክትትልና ግምገማ ሥራ ለመሸጋገር እንደሚፈልጉ፣ ሆኖም የሚያዩት የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ችሎታ እየጠየቀ ተስፋ እንዳስቆረጠዎት ጽፈውልናል።

ሶፍትዌሩ ያን ያህል አያስጨንቅዎት፤ ኤክሴልና ኮቦ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ በአጭር ጊዜ ይለመዳሉ፣ ስታታ ወይም ኤስፒኤስኤስ የተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮችም ቢሆኑ የወራት ልምምድ ነው። በቀላሉ የማይገኘው «ፕሮግራሙ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ልጆች ዛሬ የት ይደርሱ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ታዳጊ ፕሮጀክት ኖረም አልኖረም በሁለት ዓመት ውስጥ ይበስላል፤ ስለዚህ በመግቢያና በመውጫ የተሞላ መጠይቅ አነጻጽሮ የታየውን ለውጥ ሁሉ ለፕሮግራሙ መስጠት አያስኬድም።

በአገራችን ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል ገጠር፣ ሞሰቦ በተባለ ቦታ የተሞከረው «ብርሃን ሔዋን» ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅትና የመንግሥት የወጣቶች ተቋማት በጋራ ያካሄዱት ይህ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በሴት መካሪዎች በሚመሩ ቡድኖች አሰባስቧል፣ ለትምህርታቸው ድጋፍ አድርጓል፣ የማኅበረሰብ ውይይት አካሂዷል፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም በግ ወይም ፍየል ሰጥቷል። ገምጋሚዎቹ ፕሮግራሙ ያልገባበትን ሌላ አካባቢ ለንጽጽር ይዘው በሁለቱም ስፍራ የመነሻና የማጠናቀቂያ ጥናት አደረጉ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ከንጽጽሩ አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው የሰፋ፣ ያገቡትም እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ግን የማግባት ዕድሉ በፕሮግራሙ አካባቢ ከፍ ብሎ ታየ። ምናልባት ጋብቻው ወደ ኋላኛው የታዳጊነት ዕድሜ ስለተገፋ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ዕድሜዎች በአንድ አማካይ ተጠቃለው ቢቀርቡ ግን ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር። በሌላ በኩል አንድን አካባቢ ከአንድ አካባቢ ጋር ብቻ ማነጻጸር፣ በእነዚያ ዓመታት በአንዱ ብቻ የደረሰ ሌላ ነገር ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ መደምደሚያውን ያሳሳዋል። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የዚህን ጥናት ጥንካሬና ድክመት ማስረዳት ከቻሉ ፈታኞቹ ሌላ ማስረጃ ብዙም አይፈልጉም።

የአመቻችነት ልምድዎም የሚናቅ አይደለም። በራስ መተማመንን፣ ከአዋቂዎች ጋር ያለ መቀራረብን፣ ለሌላው ማሰብን የሚለኩ መጠይቆች ታዳጊው ጠያቂውን ለማስደሰት በሚሰጠው መልስ ይበላሻሉ። ያሠለጠነው ሰው ራሱ መጠይቁን ካስሞላ ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ይሆናል፤ ይህን በመስክ ያላየ ተንታኝ ቁጥሩን እንዳለ ይቀበለዋል።

አሁን ይህን ያድርጉ። አለቃዎን አስፈቅደው፣ ስሞችን አውጥተው፣ የፕሮጀክትዎን የመገኘት መዝገብ በዕድሜና በፆታ ከፋፍለው ይተንትኑ፤ በተለይም ያቋረጡትን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ተቀጥረው የሚሠሩትና ለጋብቻ የታጩት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በዋናነት ያሰባቸው ልጆች ናቸውና። ያገኙትን በሁለት ገጽ ጽፈው ከሲቪዎ ጋር ያያይዙ። ቀጥሎ በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት የዳሰሳ ጥናቶች ላይ በመረጃ ሰብሳቢነት፣ ከዚያም በሱፐርቫይዘርነት ያመልክቱ። ክፍያው የጥቂት ሳምንት አበል ቢሆንም ናሙና እንዴት እንደሚወሰድና ከአካለ መጠን በታች ያለ ልጅ ከመጠየቁ በፊት የወላጅም የልጁም ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ በተግባር ያያሉ። ለማስተርስ አይቸኩሉ፤ ቢያንስ አንድ ጥናት ከመነሻ እስከ ማጠናቀቂያ ካዩ በኋላ ሕዝብ ጤና፣ ሥነ ሕዝብ ወይስ ስታቲስቲክስ እንደሚስማማዎት ለመምረጥ ይቀልዎታል።