«ቤቱን ሸጠን መኪና ውስጥ እንኑር ይለኛል»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው፤ እኔ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሠርቻለሁ። አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ ልጆቻችንም ትዳር ይዘው ራሳቸውን ችለዋል። የዚህን አገር ጥር መቼም ሰምተውታል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሺየስ መውረዱ ብርቅ አይደለም። ጉልበቴን ያመኛል፤ በረዶው ያንሸራትተኛል ብዬ እየፈራሁ ከቅዳሴ የምቀርበት እሑድ በዝቷል።

አምና አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ ኳርትሳይት ከምትባል ቦታ ፎቶግራፍ ላከለት። ሽማግሌዎች በእጅ ጉርድ ሸሚዝ አርቪያቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። አርቪ ማለት አልጋውም፣ ማድ ቤቱም፣ መጸዳጃውም በውስጡ ያለ መኪና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም። «ቤቱን እንሽጥና አርቪ እንግዛ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት በረሃው ላይ፣ ሌላውን ጊዜ ደስ ባለን ቦታ እንኖራለን» ይለኛል።

ፀሐዩንስ እኔም እመኘዋለሁ። ነገር ግን መኪና አልነዳም። በዚያ ምድረ በዳ ድንገት ቢታመምብኝ ማን ይደርስልኛል? ገናና ጥምቀትም የሚውሉት በእነዚያው ወራት ነው። ማኅበሬ፣ የልጅ ልጆቼ፣ ለቅሶ የምደርስላቸውና የሚደርሱልኝ ሰዎች ሁሉ እዚህ ናቸው። እንጀራስ በምን እጋግራለሁ? እምቢ ስለው ያኮርፋል፤ እሺ እንዳልል ልቤ አልቆርጥ አለ። ምን ይመክሩኛል?

ም. ከሴንት ፖል

መልስ

እህቴ ሆይ፣

ቤቱ አይሸጥ። ይህን ያለ ማመንታት እነግርዎታለሁ። አርቪ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ንብረት ነው፤ ነገሩ ካልጣማችሁ ገንዘባችሁን መልሳችሁ አታገኙትም። በረሃውም የዓመት ሙሉ መኖሪያ አይሆንም። ኳርትሳይት በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ያን ጊዜ የምትመለሱበት ደጅ ያስፈልጋችኋል።

ባለቤትዎን ግን አይንቀፏቸው። ያለሙት ነገር ከንቱ ቅዠት አይደለም። በኳርትሳይት ዙሪያ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ላ ፖሳ የሚባል ሰፊ መሬት ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ለይቶ አስቀምጧል። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 መቆየት ይቻላል። ክፍያው ለብዙ ዓመታት ለወቅቱ በሙሉ 180 ዶላር ነበር፤ የዘንድሮውን ቢሮውን ጠይቁ። ውሃ የሚቀዳበትና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚደፋበት ቦታ አለ፤ የመብራት መስመር ግን የለም። ያም ሆኖ ሰው የሌለበት ምድረ በዳ አይምሰልዎ፤ በጥር ወር እዚያ የሚሰፍረው ጡረተኛ እጅግ ብዙ ነው።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ «መኪና አልነዳም» ያሉት ነው። በዚያ ኑሮ ቤቱም፣ ገበያ መውጫውም፣ ሐኪም ቤት መድረሻውም መኪናው ነው። የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱ በታመመ ቀን ሁለታችሁም ባላችሁበት ትቀራላችሁ። ስለዚህ በረዶው ሲቀልጥ መንዳት ይማሩ። ባለቤትዎ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ግዙፉን አርቪ መንዳት አይጠበቅብዎትም፤ አንድ ትንሽ መኪና ሐኪም ቤት ድረስ ማድረስ ይበቃል። መማር ፈጽሞ አልፈልግም ካሉ ደግሞ አርቪውን ትታችሁ እዚያው አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ለሁለት ወር አፓርታማ ተከራዩ። ፀሐዩ ያው ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት የምመክረው እንዲህ ነው። ገናንና ጥምቀትን ከማኅበርዎና ከልጅ ልጆችዎ ጋር ያሳልፉ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ፊኒክስ ሂዱ። በጥር ከሚኒሶታ አርቪ ይዞ መነሣት በበረዶ መንገድ ላይ መሰቃየት ነው፤ የውሃ ቧንቧውም ይቀዘቅዝና ይፈነዳል። አርቪውን እዚያው ተከራዩና በፊኒክስ አቅራቢያ ባሉት ሜሳ ወይም አፓቺ ጀንክሽን፣ ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ባለው የጡረተኞች የአርቪ ሰፈር አንድ ወር ተቀመጡ። በፊኒክስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ቅዳሴ አይቀርብዎትም። ለቅሶን በተመለከተ፣ ለአንድ ወር የሄደን ሰው ማንም አይወቅስም፤ እድርተኞችዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፣ መዋጮዎንም ከፍለው ይሂዱ።

እንጀራዎንም ይጋግራሉ። ብዙ አርቪዎች የሚሰኩት 30 አምፔር መስመር ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ባንድ ጊዜ ከ3,600 ዋት በላይ አይሸከምም። ምጣዱ ብቻውን 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ያንኑ ያህል። በላዩ ማይክሮዌቭ ከተከፈተ መብራቱ ይቋረጣል። ስለዚህ በሚጋግሩበት ሰዓት ማሞቂያው ይጥፋ። ሊጡን ውጭ አያሳድሩት፤ የጥር ቀን 20 ዲግሪ ቢደርስም ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ስለሚወርድ ኩፍ አይልልዎትም። ቡናውን በከሰል የሚያፈሉ ከሆነ ግን፣ እባክዎ፣ ከደጅ ብቻ ይሁን። አርቪ ጠባብ ነው፤ የከሰል ጭስ በእንቅልፍ ውስጥ ይገድላል። ይህን ሽታ የሌለውን መርዛም ጋዝ የሚለየው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንደሚሠራ ሳትፈትሹ አትደሩ።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ልጨምር። ሜዲኬራችሁ፣ ማለትም የመንግሥቱ የጡረተኞች የጤና መድን፣ መደበኛው ከሆነ በየትኛውም ግዛት ሜዲኬርን የሚቀበል ሐኪም ያያችኋል። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው አድቫንቴጅ የሚባለው ከሆነ ግን ለድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ከአካባቢያችሁ ሐኪሞች ውጭ ላይከፍል ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ብዙ ወገኖቻችን ያልሰሙት ነው። በአሪዞና አፈር ውስጥ በአቧራ የሚተላለፍ «ቫሊ ፊቨር» የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ አለ። አብዛኛው ሰው ቀለል ብሎት ያልፋል፤ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ግን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመዛመት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የስኳር ሕመምተኞችንም ያከብድባቸዋል። አቧራ ሲነሣ ቤት ግቡ፤ መስኮት ዝጉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ሳል፣ ትኩሳትና ድካም ከሳምንት በላይ ካልለቀቃችሁ ለሐኪማችሁ «አሪዞና ከርመን ነበር» በሉ፤ ምርመራውንም ጠይቁ። የሚኒሶታ ሐኪም ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

ያ ወር ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ዓመት ኳርትሳይት ሂዱና ፎቶግራፉን ከላከው ከባለቤትዎ ጓደኛ አጠገብ ስፈሩ፤ ላ ፖሳ የ14 ቀን ፈቃድም ይሰጣል። ስትሰፍሩ ከደረቅ የጎርፍ መውረጃ ራቁ። የድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ውሃው እናንተ ዘንድ ይደርሳል። አርቪ እንግዛ አንግዛ የሚለውን ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም መሪ ጨብጣችሁ ትነጋገሩበታላችሁ።