ስለ ንግሥት ሜቭ ለመጻፍ ሥራ መልቀቅ የግድ አይደለም

እህቴ፣ ደብዳቤሽንም አብረሽ የላክሽውን የመጀመሪያ ምዕራፍም አንብቤያለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳይሽን ባጭሩ ልንገራቸው። አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተምረሻል። አሁን ደብሊን ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠሪያለሽ። ከፈረቃ ስትወጪ በእንግሊዝኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ ትጽፊያለሽ። ታሪኩ የጥንቷ አየርላንድ ነው፤ የኮናክት ንግሥት ሜቭ በአንድ ኮርማ የተነሳ ከአልስተር ጋር የገጠመችው ጦርነት። አንድ ዩኒቨርሲቲ በፈጠራ ጽሑፍ ለማስተርስ ተቀብሎሻል። «ሥራዬን ልልቀቅና ልማር? ደግሞስ ሐበሻ ሆኜ ስለ ኬልቶች (ስለ ጥንት አየርላንዳውያንና ዘመዶቻቸው) ብጽፍ ማን ይቀበለኛል?» ነው ጥያቄሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ ከሱ ይወጣልና።

በዚህ ዘርፍ አንባቢ የሚያምነው ምንጩን የሚያውቅ ጸሐፊን ነው። ምንጩ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የድሩይዶች፣ ማለትም የኬልቶች የጥንት ካህናት፣ መጽሐፍ አይደለም። የሮማው ዩሊየስ ቄሳር ስለ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ድሩይዶች ሲጽፍ፣ ትምህርታቸውን በጽሑፍ ማስፈር እንደማይፈቅዱና አንዳንዱ ተማሪ እስከ 20 ዓመት በቃሉ እንደሚያጠና ይነግረናል። የአየርላንድን ተረቶች በብራና ያቆዩልን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጡ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው። የሜቭ ጦርነት የሚተረክበት የከብት ዘረፋው ታሪክ ከሚገኝባቸው ብራናዎች እስከ ዛሬ የተረፈው ጥንታዊው፣ እ.ኤ.አ. በ1100 አካባቢ በክሎንማክኖይዝ ገዳም የተጻፈው ነው። ዛሬ እዚያው አንቺ ከተማ፣ ሮያል አይሪሽ አካዳሚ ውስጥ ይገኛል።

ትሪኒቲ ኮሌጅ ያለው የሌንስተር መጽሐፍ የሚባለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የታሪኩ መጨረሻ ላይ ሁለት ማስታወሻዎች አሉ። አንዱ በአይሪሽ ነው፤ ታሪኩን ሳይለውጥ በቃሉ ለሚይዝ ሁሉ በረከትን ይመኛል። ወዲያው በላቲን ሌላ ይከተላል፤ ይህን ታሪክ፣ ይልቁንም ተረት፣ የጻፍኩት እኔ ውስጡ ያለውን ብዙ ነገር አላምንም ይላል። አንዳንዱ የአጋንንት ማታለያ፣ አንዳንዱ የገጣሚ ፈጠራ፣ አንዳንዱ ሞኞችን ማስደሰቻ ነው ብሎ ይዘረዝራል። ገድልና ተአምር እየሰማሽ ስላደግሽ፣ መነኩሴ የጥንት ታሪክ ሲገለብጥ የሚፈራውንም የሚወደውንም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ባይተዋር ነኝ አትበይ።

አሁን ወደ ምዕራፍሽ። ሜቭ በድንጋይ ክብ መሐል ቆማ፣ ነጭ የለበሱ ድሩይዶች ሲያጅቧት ጽፈሻል። ይህን አውጪው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ የድንጋይ ሥራዎች ከሜቭ ዘመን እጅግ ይቀድማሉ። ኒውግሬንጅ ለምሳሌ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 አካባቢ ነው፤ የሜቭ ታሪክ ደግሞ በትውፊቱ ከክርስቶስ ልደት አካባቢ ይቀመጣል። በድንጋይ ክብ ውስጥ የሚደረገውን የዛሬውን የድሩይድ ሥርዓት ከፈጠሩት ዋነኛው ኢዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል ዌልሳዊ ነው፤ በ1792 ለንደን ውስጥ ነው የጀመረው። ዘርፉን የሚያውቅ አርታኢ ይህን ገጽ ካየ ሁለተኛውን ላይገልጥ ይችላል።

በአንጻሩ በአንድ አንቀጽ ያለፍሽው ትዕይንት ወርቅ ነው። ሜቭና ባሏ አሊል አልጋ ላይ ሆነው የማን ሀብት እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር እየመጣ ይቆጠራል፤ ባልዲው፣ ድስቱ፣ ቀለበቱ፣ ልብሱ፣ በጉ፣ ፈረሱ፣ አሳማው፣ ከብቱ። እኩል ይሆናሉ። የሚያበላልጣቸው አንድ ባለ ነጭ ቀንድ ኮርማ ብቻ ነው፤ ከሜቭ መንጋ ተወልዶ፣ በሴት ስም መቆጠር አልፈልግም ብሎ ወደ አሊል መንጋ የሄደ። ሜቭ አቻውን ኮርማ አልስተር ውስጥ ካለው ከኩሊ ለአንድ ዓመት በውሰት ትጠይቃለች፤ ሃምሳ ጊደርና ሌላም ሌላም ለመስጠት ቃል ትገባለች። ባለቤቱ እሺ ይላል። ማታ ግን መልእክተኞቿ ጠጥተው «ባይሰጠንም በጉልበት እንወስደው ነበር» ይላሉ። ነገሩ ተበላሸ፣ ጦርነት መጣ።

አንቺ አካውንታንት ነሽ፤ ይህ ትዕይንት የንብረት ቆጠራ ነው! የጥንቱ የአየርላንድ ሕግ ጋብቻን የሚለየው ንብረቱን ማን አመጣው በሚለው ነበር፤ በባል ንብረት፣ በሚስት ንብረት፣ ወይም በጋራ። በአንድ ኮርማ ማነስ ለሜቭ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ጸሐፊ በስሜት ብቻ ይነካዋል። አንቺ ግን እያንዳንዱ ድስት ሲቆጠር ፊቷ እንዴት እንደሚለዋወጥ መጻፍ ትችያለሽ። እዚያ ቆዪ። ጦርነቱ ይጠብቃል።

ከዚያ በአንድ የእረፍት ቀንሽ ሮስኮመን ውስጥ፣ ተልስክ አጠገብ ወዳለው ራትክሮጋን ሂጂ። የሜቭ መናገሻ ክሩዋካን የሚባለው ቦታ ነው። ኡናጋት የሚባል ዋሻ አለ፤ መግቢያው ላይ ባለ ድንጋይ ኦጋም በሚባለው የጥንት አይሪሽ ፊደል የተቀረጸውን ብዙዎች «የሜቭ ልጅ የፍራኽ» ብለው ያነቡታል። ጠባብና ጭቃ ነው፤ የማትሳሺለትን ልብስ ልበሺ።

እንግዲህ ስለ ማስተርሱ። ኮርሱን አልንቅም፤ አንባቢ ጓደኞችና የማስረከቢያ ቀን ይሰጥሻል። ነገር ግን አንቺን የሚጎድልሽ የአረፍተ ነገር ውበት ሳይሆን የምንጭ እውቀት ነው፤ እሱ ደግሞ በደመወዝሽ እየኖርሽ የሚገኝ ነው። የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጥንት አይሪሽ ጽሑፎችን፣ ብዙዎቹንም ከትርጉማቸው ጋር፣ በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጧል። የደብሊን የከፍተኛ ጥናት ተቋም የብራናዎቹን ፎቶ እንዲሁ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከቀጣሪሽ ጋር የታሰረ ከሆነ ደግሞ ሥራ መልቀቅ የልብ ወለድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ እሱን አጣሪ።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። አየርላንድ በ2022 ለ2000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ የሚከፍል ፕሮግራም በሙከራ ጀምራ ነበር። ብቁ ከሆኑት መካከል የተመረጡት በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ዕድል ሲከፈት አመልክቺ እንጂ ኑሮሽን በሱ ላይ አትመሥርቺ። ይልቅ የሚያዛልቀው ሌላ ነው፤ ከፈጠራ ሥራ የሚገኝ ገቢ በዓመት እስከ 50,000 ዩሮ ድረስ ከገቢ ግብር ነጻ ሊደረግ ይችላል፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አመልክተሽ ከተፈቀደልሽ። ረቂቅሽ ሲያልቅ ፓርኔል ስኩዌር ያለው የአይሪሽ ራይተርስ ሴንተር የሚያዘጋጀውን የልብ ወለድ ትርዒት ተመልከቺ፤ ያልታተሙ ጸሐፊዎች ከአሳታሚና ከኤጀንት (ጸሐፊን ወክሎ ከአሳታሚ ጋር ከሚደራደር ሰው) ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ነው። ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ ከምታገኚው 15 በመቶ ይወስዳል። ሳትሸጪ ቅድሚያ ክፈይ የሚልሽ ካለ ግን ጥለሽው ሂጂ።

አንድ ያላሰብሽው መንገድም አለ። አሳታሚዎች፣ ሙዚየሞችና የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫሎች ሒሳብ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ዲግሪሽን አሳውቀሽ የአየርላንድ አቻ ግምት አሠሪለት፤ ከዚያ እዚህ በር ላይ ማንኳኳት ጀምሪ። ሥራ ቀይሪ ካልሽኝ የምመክርሽ ወደዚህ ነው።

ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቦታዬን ለአንድ ዓመት አቆዩልኝ ብለሽ ጻፊ። ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ጥያቄው ግን በጊዜ ቢገባ ይሻላል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ላኪው።