ከወንድሜ ጋር ማዕድ መቁረስ በኃጢአት መተባበር ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ወደ ወንዶች የመሳብ ስሜት እንዳለበት እያለቀሰ ነገረኝ። ሌላ ማንም አያውቅም። ይጾማል፣ ይጸልያል፤ በድርጊትም አልወደቀም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አብሬው መብላት ከበደኝ። ጳውሎስ እንዲህ ካለው ሰው ጋር መብል እንኳ አትብሉ ይል የለ? ልራቀው?

መልስ፦ አይ እኅቴ፣ አትራቂው። ዛሬውኑ ቅረቢው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻና ስለ ንጽሕና የምታስተምረውን ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም። ይህን መሰል ጥያቄ ብዙ ጊዜ መጥቶልኛል። ሁልጊዜም ፈተናና ኃጢአት ተደባልቀው አገኛቸዋለሁ። ስሜት መጣበት ማለት በደለ ማለት አይደለም። ያዕቆብ ለይቶ ጽፎታል፤ ምኞት ትፀንሳለች፣ ከዚያ በኋላ ኃጢአትን ትወልዳለች (1፥15)። በመካከሉ የሰው ፈቃድ አለ። ወንድምሽ የሚታገለው እዚያ ላይ ነው። የሚታገልን ሰው እንደ ወደቀ መቁጠር ግፍ ነው።

አሁን ወደ ጠቀስሽው ቃል እንምጣ። ጳውሎስ ያንን የጻፈው የአባቱን ሚስት ይዞ በግልጽ ስለሚኖር ሰው ነው (1ኛ ቆሮ. 5)። ደግሞ በዚያው ቁጥር ተሳዳቢም፣ ሰካራምም፣ ገንዘብ ወዳድም ተዘርዝረዋል። ተሳዳቢ ዘመድሽን ሸሽተሽ ከማዕድ ተነስተሽ ታውቂያለሽ? ላሳፍርሽ ብዬ አይደለም። ጥቅሱን ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ መምዘዝ ስለለመድን ነው።

ነገሩም እዚያ አላበቃም። በሁለተኛው መልእክት ጳውሎስ ስለ ተቀጣ ሰው ሲጽፍ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ከልክ ያለፈ ኀዘን እንዳይውጠው ይላል (2፥7)። ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንን ያው የቀድሞው ሰው ነው ብሎ ተርጉሞታል። በእርግጥ ለወደቀው እንኳ ሐዋርያው ይህን ያህል ከሳሳለት፣ ላልወደቀውማ!

ይህ ኀዘን ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ምሥጢር ይዘው ብቻቸውን የቀሩ ሰዎች መኖር እስኪያስጠላቸው ይደርሳሉ። ወንድምሽ ከሰው ሁሉ አንቺን መርጦ ነገረሽ። በማግስቱ ከማዕድ ስትሸሺ ምን ብሎ ተረዳሽ?

አብሮ መብላት ትምህርቱን ማላላት እንዳይመስልሽ። ጌታ ወደ ቀራጩ ዘኬዎስ ቤት ልግባ ያለው ዘኬዎስ ከሰው የወሰደውን ገና ምንም ሳይመልስ ነው።

ምሥጢሩን እርሱ ሳይፈቅድ ለማንም አታውጪ፤ ለእናታችሁም ቢሆን። «ሚስት ቢያገባ ይተወዋል» የሚሉሽን አትስሚ። ሴት ልጅ መድኃኒት ተደርጋ አትዳርም፤ ሁለት ሰው ነው የሚጎዳው። የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ከወደደ እስከ በሩ አብረሽው ሂጂ። መኖር አስጠላኝ ካለሽ ደግሞ ለአፍታም ብቻውን አትተዪው፣ ሐኪም ጋር ውሰጂው። ሐኪም ማማከር እምነት ማጣት አይደለም።

ዛሬ ማታ አብረሽው ብዪ። ይቅርታም ጠይቂው። «ፈርቼ ነው» በዪው። እርሱም የነገረሽ እየፈራ ነበር።