የልጄ አፍ መፍታት የዘገየው በዘር ነው ወይስ በእኛ?

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። የሚናገረው ከ20 ቃል አይበልጥም፤ ሁለት ቃል አያይዞም አያውቅም። አማቴ «አባቱም ሦስት ዓመት አልፎት ነው አፉን የፈታው፤ የዘር ነገር ነው፣ ተዪው» ይላሉ። ሞግዚቷ የምታዋራው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ከሥራ እስክመለስ ደግሞ ስልክ ላይ የእንግሊዝኛ ካርቱን ያያል። ጥፋቱ የማን ነው? (እናት፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ የማንም አይደለም። አማትዎ ስለ ዘር ያሉት ልክ ነው፤ አባት ዘግይቶ ከተናገረ ልጁም የመዘግየት ዕድሉ ይጨምራል። «ተዪው» የሚለው ግን አያስኬድም። በቤተሰብ ካለ ይልቁንም ቀድሞ ማስመርመር ነው። 2 ዓመት ሞልቶት 50 ቃል ያልደረሰ፣ ሁለት ቃል የማያያይዝ ልጅ መታየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2001 ፎክስፒ2 የተባለ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር ቅንጣት) የንግግር ችግር በነበረበት አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ላይ ሲለይ «የቋንቋ ጂን» ተብሎ ብዙ ተወራለት። በአንድ ጂን ጉድለት የሚመጣ የንግግር ችግር ግን ብርቅ ነው፤ በተለመደው መዘግየት ውስጥ ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሕፃንነት የቤቱ ድርሻ ያይላል፣ ዕድሜ ሲገፋ የዘሩ ይበረታል። በልጅዎ ዕድሜ እንግዲህ ከእርስዎ እጅ ያልወጣ ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ጆሮውን ያስመርምሩ። በር ሲጋጭ መዞሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ከተጠራቀመ ኃይለኛው ድምፅ ያልፋል፣ ንግግር ግን ይደበዝዛል። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ጥቁር አንበሳም ለእርስዎ ሩቅ አይደለም።

አፋን ኦሮሞውን አይንኩበት። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ቃላቱን ሲቆጥሩ የሁለቱንም ይደምሩ፦ «ውሃ»ም «ቢሻን»ም ካለ ሁለት ነው። ያ 20 ምናልባት የአማርኛው ብቻ ይሆናል። ሞግዚቷም በማትችለው አማርኛ ከምትታገል በራሷ ቋንቋ ብታጫውተው ይሻላል።

ስልኩን ይቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 መመሪያ ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ካርቱን ያወራል እንጂ የልጁን መልስ አይጠብቅም።

ማታ ሲያጥቡትም ሆነ ሲያበሉት፣ እሱ በጀመረው ላይ ይቀጥሉ። «መኪና» ካለ «አዎ፣ ትልቅ መኪና መጣ» ይበሉና በልብዎ እስከ 5 እየቆጠሩ ዝም ይበሉ። አብዛኛው ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት ይቀድመዋል። «ውሃ በል! በል እንጂ!» እያሉ ማስጨነቅም ጭራሹን ዝም ያሰኘዋል።

«ጫማህን አምጣ» ሲባል የማይገባው ከሆነ፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ከሆነ ወይም ያውቃቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ የጆሮውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚሁ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።